በታችኛው መሻገሪያ የታሰረው ካሜራ

የዚያን ዓመት ዝናቡ መስቀል አልፎም አልወጣ ብሎ ነበር። ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ዛፍ እንጂ ከጀርባው ያለውን አታዩም። ሣሩ ከሰው ቁመት በልጧል። በቆሎው እሸት ይዟል፤ እሸት ሲደርስ ደግሞ የዱር አሳማውም ዝንጀሮውም ከማሳ አይጠፋም። እኔ በወጣትነቴ ብዙ አደን ወጥቻለሁ፤ እንዲህ ባለው ወቅት ግን ጠመንጃ ይዤ ደን መግባት አልወድም ነበር። ያን ጊዜም የገባሁት ለማደን አይደለም፤ ድኩላ ለመቁጠር ነው። እንዴት ወደ አደን እንደተቀየረ ልንገራችሁ። ጥበቃው ላይ አዲስ ስለሆናችሁ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል።

ሦስት ነበርን። ሰናይት ከደብረ ማርቆስ የመጣች የዱር እንስሳት ባለሙያ ናት። ቀጭን ናት፤ ብዙ አታወራም፤ ስትሄድ ግን ቁልቁለቱንም ዳገቱንም በአንድ ዓይነት እርምጃ ነው የምትሄደው። ወርቅነህ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። እርሻው ከደኑ ጋር ይዋሰናል። ሳቂታ ነው፤ ከአፉ ጨዋታ አይጠፋም። ዱካ ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በኋላ በኋላ ግን ከእኔ በልጦ ነበር። ሦስተኛው እኔ፣ ከአሮጌ ምንሽር ጠመንጃዬ ጋር።

ሰናይት ሁለት ዓይነት የደን ካሜራ ይዛ መጣች። እንስሳ ሲያልፍ ማንም ሳይነካው በራሱ ፎቶ የሚያነሳ፣ በቀበቶ ዛፍ ላይ የሚታሰር፣ ቅጠል መሳይ ቀለም የተቀባ ሣጥን ነው። አንደኛው ሲያነሳ እንደ መብረቅ ነጭ ብርሃን ይረጫል። ሁለተኛው ብርሃኑ ለዓይን አይታይም። «የቱን እንውሰድ?» ብላ ጠየቀችኝ። ድኩላ አንዴ ከደነገጠ ያንን መንገድ ሳምንት ሙሉ እንደማይረግጠው ስለማውቅ የማይታየውን አልኳት። ከማይታዩትም መካከል ቶሎ የሚነቃና የሚያንቀላፋ አለ። ይህን ለመለየት ግቢዬ ውስጥ ከአጥሩ ላይ አሰረቻቸውና «ጋሽ ደምሴ፣ ድኩላ ይሁኑልኝ» አለችኝ። በእጄና በጉልበቴ እየዳኽኩ ፊታቸው አለፍኩ። አንደኛው ጢሜን ሳይቀር ሙሉ ሰውነቴን ይዞ ተገኘ። ሌላው ተረከዜን ብቻ አነሳ። ወርቅነህ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። «አያ፣ ይህ ድኩላ አርጅቷል፤ ስጋው አይበስልም!» አለኝ። ያን ሳቁን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትምና።

ስድስት ካሜራ መረጥን። አስተሳሰሩን አስተውሉ። ብዙ ሰው በራሱ ዓይን ልክ ከፍ አድርጎ ያስረውና የድኩላ ጀርባ ብቻ አንስቶ ይመለሳል። ልኩ ጉልበታችሁ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ካዞራችሁት የጠዋት ፀሐይ ፎቶውን ነጭ ያደርገዋል፤ ወደ ሰሜን አዙሩት። መንገዱን አቋርጦ እንዳያይ፤ አቋርጦ ካየ እንስሳው ብልጭ ብሎ ያልፍበታል። በመንገዱ ርዝመት አዘንብላችሁ አስሩት፤ ያኔ ሲመጣም ሲሄድም ታገኙታላችሁ። ፊት ለፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ፤ ካልሆነ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሣር ነው የሚያነሳላችሁ። ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በአፈርና በተጨማደደ ቅጠል እሹ። በሳሙና የታጠበ እጅ ለድኩላ አዋጅ ነው።

ቦታውን የመረጥነው በዱካ ነው። ሾላ ዛፍ ሥር ሁለት አደረግን፤ ጦጣዎች ላይ ሆነው ሲበሉ የሚጥሉትን ፍሬ ድኩላው ሥር ሆኖ ይለቅማል። አንዱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በታች፣ ሁለቱን በገደሉ አፋፍ ቀጭን መንገድ ላይ። ስድስተኛውን ከወንዙ ታችኛው መሻገሪያ ላይ ላስር ስል ወርቅነህ ራሱን ነቀነቀ።

«እዚያ ምን አለ ብለህ ነው? ከክረምቱ ወዲህ ምንም አያልፍበትም። በከንቱ ትለፋለህ።»

«ዱካ አይቻለሁ፤ ትናንት።»

«የፍየል ይሆናል።»

ዱካ የማያውቅ ሰው ቢለው አይገርመኝም ነበር። ወርቅነህ ግን የፍየልንና የድኩላን ኮቴ በጨለማ በጣቱ ዳስሶ ይለያል። ነገሩ ከነከነኝ፤ ቢሆንም ሰው ፊት ልከራከረው አልፈለግሁም። በማግስቱ እሱ ለቅሶ ሲሄድ ከሰናይት ጋር ወርደን ስድስተኛውን ካሜራ እዚያው መሻገሪያ ላይ፣ አንድ የተጋደመ ዋንዛ ሥር አሰርነው። ለወርቅነህ አልነገርኩትም።

በዘጠነኛው ቀን አምስቱን ለማየት ሦስታችንም ወጣን። የታችኛውን «ለብቻዬ አየዋለሁ» ብዬ ለሰናይት በጆሮዋ ነገርኳት፤ አልጠየቀችኝም። ካርዶቹን ሰብስበን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥንና ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። መጀመሪያ ደስ አለን። አንድ ጥቁር ወንድ ድኩላ፣ ቀንዱ የተጣመመ። ሁለት ቀያይ እንስቶች፣ አንዷ ግልገል አስከትላ። ጅብ፣ ጃርት፣ እንደገና ድኩላ። ሰናይት እያንዳንዱን ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

ነብር ነው። በሾላው ሥር፣ ጎኑን ሰጥቶ። ነብር መኖሩ አያስደንቅም፤ ድኩላ ባለበት ነብር አይጠፋም። የቀኝ የፊት እግሩ ግን መሬት አልነካም። አንጠልጥሎታል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንደ ገንፎ ማማሰያ ጫፍ አብጧል፤ ከእብጠቱ መካከል አንድ ቀጭን ነገር ወጥቶ ይታያል።

«ሽቦ ነው» አለች ሰናይት።

ወርቅነህ ተነስቶ ቆመ። «ፍየሎቹን ውሃ አላጠጣሁም» አለና ሄደ። ፍየሎቹን ጠዋት ሚስቱ ስትነዳቸው አይቻለሁ።

የሚቀጥለውን ፎቶ ያየነው ሁለታችን ብቻ ነን። በገደሉ አፋፍ ካለው ካሜራ የወጣ ነው። በመጀመሪያው ላይ እኛ ነን፤ ካሜራዎቹን አስረን ስንመለስ፣ እኔ ፊት፣ ሰናይት መካከል፣ ወርቅነህ ከኋላ እየሳቀ። ሰዓቱ ሥሩ ተጽፏል፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። የሚቀጥለው ሦስት ሰዓት ከሃያ ሦስት ነው። ያው መንገድ፣ ያው ድንጋይ፣ እኛ በቆምንበት ላይ ነብሩ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ የጫማችንን ዱካ እያሸተተ ይመጣል። ሦስት ደቂቃ። ከእኛ ድምፅ አልራቀም ነበር። አንዳችንም ወደ ኋላ አላየንም።

ሰናይት ላፕቶፑን ዘጋችው። ሦስት እግር የቀረው ነብር ድኩላ አይደርስበትም። የማይሮጥ ነገር ይፈልጋል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ የሺን ነከሳት። ወይዘሮ የሺ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በእርሻ ያሳደገች ጎረቤታችን ናት። እንጨት ሰብራ፣ ሸክሟን ተሸክማ ስትመለስ ከኋላዋ ወጣባት። ያተረፋት ሸክሟ ነው፤ ጥፍሩ መጀመሪያ ያረፈው እንጨቱ ላይ ነበር። ትከሻዋንና የራስ ቅሏን ቆዳ ቀደደው። በቃሬዛ ስትወጣ አየኋት፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ አታለቅስም። «ከኋላዬ ይተነፍስ ነበር፤ ልጄ መስሎኝ ነው» ትላለች ደጋግማ።

ሰናይት ማደንዘዣ የሚተኩስ ሰው እንዲመጣ ለመነች፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሏት። ሕዝቡ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ ደኑን አቃጥለን ነብሩን እናውጣው የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ እንዲገደል ፈቃድ የሚሰጥ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ስሙ የሰፈረው የእኔ ነው። ሰናይት ደብዳቤውን ስትሰጠኝ «ጋሽ ደምሴ፣ በአንድ ጥይት ይሁን። ይበቃዋል» አለችኝ።

ካሜራዎቹ አሁን ሌላ ሥራ ተሰጣቸው። ያነሱትን ፎቶ ሁሉ በሰዓቱ ደረደርነው። ነብሩ ሁልጊዜ ድኩላዎቹ ከሾላው ሥር ከተነሱ በኋላ ይመጣል፤ ሽታቸውን እየተከተለ፣ ሳይደርስባቸው። በንጋትና በአራት ሰዓት መካከል ነው። ነፋሱ ከሾላው ወደ እኔ በሚነፍስበት በኩል ከቅጠል መደበቂያ ሠራሁ። ሁለት ጠዋት ተቀመጥኩበት። ጦጣዎቹ ይበላሉ፤ ድኩላዎቹ መጥተው ይለቅማሉ፤ ያቺ ግልገል እስከ አሥር እርምጃ ቀርባኛለች። ነብሩ አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ከመደበቂያዬ ስወጣ ዱካውን ከጀርባዬ አገኘሁት። ሦስት ጥልቅ የመዳፍ ምልክት፣ አንድ የተጎተተ መስመር። ሣሩ ላይ ተኝቶበት ነበር፤ የተኛበት ቦታ በእጄ ስዳስሰው ገና ሙቅ ነው። እኔ ሾላውን ሳይ እሱ እኔን ሲያይ አርፍዷል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ታችኛው መሻገሪያ ወረድኩ። ምናልባት ነብሩ መንገዱን ቀይሮ ይሆናል ብዬ ነው። ያ ካሜራ ራሱ ትንሽ መስታወት አለው፤ ፎቶውን እዚያው ማየት ይቻላል፤ ሰናይት አሳይታኛለች። ቁልፉን እየተጫንኩ አለፍኩ። ድኩላ አለ። ብዙ አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ወርቅነህ።

ተንበርክኳል። የሽቦ ጥቅል ክንዱ ላይ ገብቷል። የአንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ፣ በሁለት እጁ ቋጠሮ ይሠራል፤ በድኩላው መንገድ ላይ። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ሣሩን በእጁ እያበጠረ ወጥመዱን ይሸፍናል። ልክ እኔ እንዳስተማርኩት፣ የሣሩን አወዳደቅ ሳያበላሽ።

አያችሁ፣ ተናድጄ አልነበረም። በቆሎውን አሳማ እየጨረሰበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያለፈውን ዓመት ማሳው ግማሹ ባዶ ነበር። ለአሳማ ያጠመደው ነው። ሽቦ ግን የያዘውን አይመርጥም። ወይዘሮ የሺ ደግሞ ያን ጊዜ ቁስሏ ተሰፍቶ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ካርዱን አውጥቼ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ለሰናይት መስጠት ነበረብኝ። በዚያው ቅጽበት፣ ሌሎቹን ወጥመዶች ሳንለቅም ማንም እንዳይገባ ማስታወቅ ነበረብኝ። አላደረግሁም። የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ቤቴ በልቶ ያደገ ነው፤ ሕዝቡ ቢሰማ በድንጋይ ይወግረዋል ብዬ ፈራሁ። ገና ፀሐይ ሳለች በሩ ላይ አገኘሁትና ይህን ብቻ አልኩት፦

«ታችኛው መሻገሪያ ላይ ካሜራ አስሬ ነበር።»

ማጭዱን እየሳለ ነበር። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«መቼ?»

«ለቅሶ የሄድክ ዕለት።»

ሌላ ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም። ያኔ ዐሥር ቃል ብንነጋገር ኖሮ የሚቀጥለው ቀን አይመጣም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ወደ ቤቴ መጣች። ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቷል፤ ጠመንጃውን አልያዘም፤ ጉጠትና ጆንያ ብቻ ነው የያዘው አለችኝ። ሰናይት አጠገቤ ነበረች። «ጉጠት ለምን?» አለች። ምንሽሬን አንስቼ ወጣሁ፤ ተከትላኝ ወጣች። «ይቅርብሽ» ብላት «ብቻዎን ከኋላዎ ማን ያይልዎታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያንን ፎቶ አብረን አይተነዋል።

ጉሙ ከባድ ነበር። በቆሎው ማሳ ሲያልቅ ደኑ ይጀምራል። ሣሩ በሙሉ ጤዛ ተሸክሞ ነጭ ሆኗል፤ እንደዚህ ባለ ጠዋት መሬት አይነበብም፣ ሣር ነው የሚነበበው። ያለፈ ሰው ጤዛውን አራግፎ አረንጓዴ መስመር ይተዋል። የወርቅነህ መስመር ሰፊና ቀጥ ያለ ነበር፤ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደተከተልነው ሌላ መስመር ከጎን መጥቶ ገባበት። ጠባብ፣ ከጉልበት በታች፣ ሣሩን ወደ ግራና ቀኝ ሳይሆን ወደ ታች የተጫነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ሆኑ።

ሰናይት አይታዋለች። እጄን ያዝ አደረገችኝ፤ ጣቶቿ በረዶ ናቸው። ጥይት አስገባሁ።

ደኑ ዝም ብሏል። በሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ጦጣው ይንጫጫል፤ ወፉ ይበዛል። ያን ጠዋት የምንሰማው ከቅጠል ላይ የሚወርደውን ጠብታና የወንዙን ድምፅ ብቻ ነው። ከተጋደመው ዋንዛ በላይ ስንደርስ አንድ ጦጣ ከላያችን እንደሚስል ሰው ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ እሱም ዝም አለ። ያንን ድምፅ ልመዱት፤ ጦጣ ለሰው እንደዚያ አይጮህም።

«አያ።»

የወርቅነህ ድምፅ ነው። ቀስ ያለ፣ ሰው ሕፃን ሲያስተኛ እንደሚናገረው።

«አያ፣ አትምጣ። ከእኔና ከአንተ መካከል ነው።»

ቆምኩ። ሰናይትን በክርኔ ወደ ኋላዬ ገፋኋት። ጉሙ ትንሽ ሳሳ ሲል አየሁት፤ ሃያ አምስት እርምጃ ይሆናል፣ ከዋንዛው ሥር ተቀምጧል፣ ጆንያው ጎኑ ላይ፣ ግማሽ የተፈታ ሽቦ በእጁ። ጉጠቱ ወድቆበታል። እኛ መካከል ሣር ብቻ ነው፤ እስከ ደረቴ የሚደርስ ሣር።

«የት ነው?» አልኩት እንደሱ ቀስ ብዬ።

«ከጥቁሩ ድንጋይ በስተግራ። ተኝቷል። ወደ አንተ ዞሯል።»

ድንጋዩን አየሁ። ከድንጋዩ በስተግራ ሣር ነው ያለው። ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጠጥኩ። ነጠብጣብ የለም፣ ጆሮ የለም፣ የሚወዛወዝ ጭራ የለም። ሽታው ግን ደረሰኝ፤ የበሰበሰ ቁስል ሽታ።

«አላየሁትም፣ ወርቅነህ።»

«ሆዱን መሬት አስነክቷል፣ አያ። እየመጣብህ ነው። ተኩስ።»

«አላየሁትም!»

በጭፍን ብተኩስ ጥይቱ የሚሄደው ወደ ወርቅነህ ነው። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው፤ መጫን አልቻልኩም። ሣሩ ጫፍ ላይ አንድ ጤዛ ረገፈ፤ ከዚያ ሌላ፣ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ። ነፋስ የለም። ዐሥር እርምጃ አልቀረውም።

ወርቅነህ ተነሳ። ሲነሳ አየሁት፤ ጆንያውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ሁሉ እየተንኳኳ፣ «እዚህ ነኝ! የእኔ ነው! ወደ እኔ!» እያለ ጮኸ። በሽቦ የተያዘ እንስሳ ያንን ድምፅ ይረሳል? አይመስለኝም። ሣሩ መካከል ቢጫ ነገር በአየር ላይ ተገለበጠ። በሦስት እግሩ እንደዚያ ይዞራል ብዬ አልጠበቅሁም። ሁለት ዝላይ ብቻ። ወርቅነህ ክንዱን ጉሮሮው ፊት ጋረደ፤ ክንዱን ይዞ አብረው ወደቁ።

ሮጥኩ። ስሮጥ የራሴን ጩኸት እሰማለሁ። ላያቸው ላይ ስደርስ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም፤ አንዴ ሰውዬው ከላይ ነው፣ አንዴ ነብሩ። ከርቀት የሚተኮስ ነገር አልነበረም። የምንሽሩን አፈሙዝ ከነብሩ ብብት ሥር፣ የጎድን አጥንቱ ሲነቃነቅ እስኪሰማኝ ድረስ ተጫንኩና ተኮስኩ። ሰናይት እንደለመነችኝ አንድ ጥይት ነው የተተኮሰው። ነብሩ አልጮኸም። ረጅም ትንፋሽ ወጣውና ከበደ።

መንጋጋውን በጉጠቱ ዘንግ ፈልቅቀን ነው ክንዱን ያወጣነው። ሰናይት ሻሿን ፈትታ ከክርኑ በላይ አጥብቃ አሰረች። ወርቅነህ ፊቱ አመድ መስሏል። «አያ፣ ለየሺ ንገራት» አለ።

ከማሳው ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው ደረሱ፤ ቃሬዛ ቆርጠው ተሸከሙት። ሰናይት ወደ ኋላ ቀረች። ዘወር ስል ነብሩ አጠገብ ተንበርክካ የታመመ እግሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ሥጋውን ከፍታ የሽቦውን ጫፍ አወጣች። ከዚያ ከጆንያው ውስጥ አንድ ሽቦ ስባ አጠገቡ አኖረችው። ያው ውፍረት፣ ያው ዝገት፣ ያው ቋጠሮ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«ከትናንት ጀምሮ» አልኳት። ካርዱን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ተቀበለችና «ትናንት» ብላ ብቻ ደገመችው።

ወርቅነህ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለሳምንታት ተኛ። ክንዱ አልተቆረጠም፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አይጨብጡም። ወይዘሮ የሺም እዚያው ነበረች፤ እሷ ቀድማ ወጣች። እሱ የወጣ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ ሳለ ክንዱን ባንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ማንም አላስገደደውም። እኔ እንኳ ተው ልለው ነበር። መካከል ገብቶ ቆመና «ነብሩን ያቆሰለው የእኔ ወጥመድ ነው። የሺን ያስነከስኳት እኔ ነኝ» አለ።

ጉርምርምታ ተነሳ። ከወንዶቹ አንዱ ዱላውን ሲያነሳ አይቻለሁ። ወይዘሮ የሺ ራሷን በነጭ ጨርቅ እንደጠቀለለች ከሴቶቹ መካከል ወጣች፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ፊቱ ደርሳ ቆመች። ትረግመዋለች ብዬ ነበር፤ ወይም ይቅር ትለዋለች። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ሌሎቹስ?» አለችው።

«ምን ሌሎቹ?»

«ሌሎቹ ሽቦዎች። ልጆቼ እንጨት የሚሰብሩት እዚያው ነው። ስንት ናቸው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ያጠመድኩት ዐሥራ አራት ነው» አለ ወርቅነህ።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ በመስመር ሆኖ፣ በዱላ ሣሩን እየመታ ገባ። ወርቅነህ ፊት እየሄደ ያሳያል። ሦስት ቀን ፈጀብን። ነብሩ እግር ላይ የቀረውንና ጆንያው ውስጥ የነበሩትን ጨምረን ዐሥራ ሁለት ሰበሰብን። ሁለቱ አልተገኙም። ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ አፈሩን አገላብጦት ነበር፤ ያሰረበትን ዛፍ ራሱም አላወቀውም። ቆሞ ግራና ቀኝ እያየ፣ በደህና እጁ ግንባሩን ይዞ «እዚህ ነበር፤ እዚህ ነበር» ይል ነበር።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ከሽፍንፍኑ ሳላወጣው ይኸው ስንት ዘመኑ። ነብሩን መግደሌ አይደለም የሚቆጨኝ። የሚቆጨኝ በዚያች ከሰዓት በኋላ በወርቅነህ በር ላይ ቆሜ የዋጥኩት ቃል ነው፤ ሰው ለመጠበቅ ብዬ የዋጥኩት ቃል ያንኑ ሰው ሊያስበላው ነበር። እናንተም ካሜራ ስታስሩ ድኩላ ብቻ አታገኙም። ጎረቤታችሁን፣ ዘመዳችሁን ልታገኙ ትችላላችሁ። ያን ቀን ካርዱን ኪሳችሁ አትክተቱት፤ ለሚመለከተው አምጡት፣ ሰውየውንም ሂዱና ፊት ለፊት አናግሩት።

አሁን ተነሱና እቃችሁን አዘጋጁ። ዱላ ቁረጡ፤ ረጅም ይሁን። ስንገባ ከፊቴ ማንም አይሂድ፤ እግሬ ባረፈበት እርገጡ። ሁለቱ ሽቦዎች እስከ ዛሬ አልተገኙም።